ጣሳው ውስጥ የቀረው

እናቴ ጠላ ጠምቃ ጎረቤት ስትጠራ አንድ ልማድ ነበራት። እንግዶቹ ጠጥተው፣ መርቀው ሲወጡ እስከ በር ትሸኛቸውና ተመልሳ ቀጥ ወደ ጣሳዎቹ ትሄዳለች። አንድ በአንድ ታያቸዋለች። «እሰይ! እጅሽ ይባረክ! እንዲህ ያለ ጠላ ከጠጣሁ ስንት ዘመኔ!» ያሉት ሴትዮ ጣሳ ውስጥ ግማሹ ቀርቶ ካገኘች፣ «አይ፣ ጌሾው በዝቶበታል ማለት ነው» ትላለች። የምትናገረው ለማንም አይደለም፤ ለራሷ ነው። እኔ በልጅነት አእምሮዬ ነገሩ አይገባኝም። «እማዬ፣ ግሩም ነው ብለውሻል'ኮ!» እላታለሁ። «ያለው አፋቸው ነዋ!» ትለኛለች፤ «ጣሳቸው ምን እንዳለ አላየህም?»

ይኼንን ከስንት ዘመን በኋላ ያስታወሰኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ጠላ አይደለም። ጌም ነው። አዎ፣ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው የሚነካኩት ጌም!

አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ለፋሲካ መጥቶ ነበር። ሥራው ከኮምፒዩተር ጋር ነው። ለሌላው ዘመድ ጫማና ሽቶ ሲያድል ቆይቶ ለእኔ አንዲት የመታወቂያ ካርድ የምታህል ነገር አወጣና በሁለት እጁ ሰጠኝ። ውፍረቷ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። መሐሏ ላይ የቴምብር ያህል ስክሪን አለ፤ በግራ በኩል አቅጣጫ የሚያሳዩ አራት ቁልፎች፣ በቀኝ ሁለት። ስሟ አርዱቦይ ነው አለኝ። «ጋሼ፣ ውስጧ ካሉት ጨዋታዎች አንዱን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጨመረ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ፊቴን ማየት ጀመረ።

እናንተዬ፣ ይኼን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ስንቱ ወጣት የግጥም ደብተሩን ይዞ ቢሮዬ በር ላይ እንዲህ አይቶኛል! የሠራውን ነገር ሰጥቶ ፊትህን የሚያይ ሰው፣ ፊትህ ላይ የሚፈልገው ስለ ሥራው ብቻ አይደለም። ስለ ራሱም ነው።

ጨዋታው ስለ አንዲት ዋልያ ነው። ዋልያዋ ከስሜን ተራራ ገደል ወደ ገደል እየዘለለች ትሄዳለች። ትሄዳለች ልበል እንጂ እኔ እጅ ስትገባ አልሄደችም። ዘለለች፤ ወደቀች። እንደገና ዘለለች፤ እንደገና ወደቀች። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት። በመጨረሻ መነጽሬን አወለቅኩና፣ «ግሩም ነው! በእውነቱ ትልቅ ሥራ ነው! በርታ!» አልኩት።

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። «ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ከመጀመሪያው ገደል'ኮ አላለፉም።»

ጣሳዬን አየው ማለት ነው።

«በርታ» ስለምትለዋ ቃል በኋላ እመለስበታለሁ፤ የቆየ ዕዳ አለብኝ። በፊት ግን ጠላውን ከጌሙ ጋር ያገናኘሁት እንዲያው ወግ ለማሳመር እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ያለው ጨዋታ፣ ማለትም ያለ ኩባንያ፣ አንድ ሰው ወይም ሁለት ሦስት ጓደኛሞች በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩት ጨዋታ፣ በእንግሊዝኛ «ሆምብሩ» ይባላል። ቃሉ ቤት ውስጥ የተጠመቀ መጠጥ ማለት ነው። ጠላ በሉት! የእህቴን ልጅ ይኼን ስነግረው ሳቀ። ቃሉን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠቀምበት ኖሮ ከአያቱ ጋን ጋር አገናኝቶት አያውቅም።

ነገሩ ግን ከስሙም ያልፋል። ቢራ ፋብሪካ የጥራት ክፍል አለው፤ ደመወዝ የሚከፈለው ቀማሽ አለው። ትልልቆቹ የጌም ኩባንያዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ እየተጫወተ ጉድለት የሚለቅም ሠራተኛ ይቀጥራሉ። የቤት ጠማቂ ያለው ግን ጎረቤት ብቻ ነው። ጎረቤት ደግሞ ይሉኝታ አለው። በነጻ የቀረበለትን ጠጥቶ እንዴት «ቀጥኗል» ይላል?

አርዱቦይም የዚሁ የቤት ሥራ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 ኬቪን ቤትስ የተባለ አሜሪካዊ ቴትሪስ የምታጫውት ቢዝነስ ካርድ ሠርቶ አሳየ። በዓመቱ፣ በ2015፣ ኪክስታርተር በሚባለው የመዋጮ መድረክ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ተዋጣለትና ካርዷ ሰው ሁሉ ራሱ ጨዋታ የሚሠራላት መሣሪያ ሆነች። ንድፏም ሶፍትዌሯም ክፍት ነው፤ ውስጧን ከፍቶ ማየት፣ መማር፣ መለወጥ ይቻላል። ኩባንያ ፈቃድ አይጠየቅም።

አንጎሏ ግን ሚጢጢ ነው። ፕሮግራም የሚቀመጥባት ቦታ 32 ኪሎባይት ነው፤ ከዚያ ላይ 4ቱ ለማስነሻ ይወሰድና ለጨዋታው 28 ይቀራል። ስንት እንደሆነ ላስረዳችሁ። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 28 ኪሎባይት ውስጥ የሚገባው ዘጠኝ ሺህ ተኩል ያህል ፊደል ነው። ይኼ አሁን የምታነቡት ጽሑፍ ብቻውን አብዛኛውን ቦታ ይበላዋል! ዋልያዋ፣ ገደሉ፣ ሙዚቃው፣ ሕጉ፣ ሁሉም በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ መኖር አለባቸው። ሲሠራ የሚያስታውስባት ማኅደር ደግሞ 2.5 ኪሎባይት ብቻ ናት፤ ከእሷም ላይ አንዷን ኪሎባይት ስክሪኑ ብቻውን ይበላታል። ስክሪኑ 128 በ64 ነጥብ ነው፤ 8,192 ነጥቦች፣ እያንዳንዷ ወይ የበራች ወይ የጠፋች። ግራጫ የለም፤ ቀለም የለም።

የእኔዋ በኋላ የወጣችው ዓይነት ነች። ተጨማሪ የ16 ሜጋባይት ማኅደር ስላላት ከሁለት መቶ በላይ ጨዋታ ታቅፋ ነው የመጣችው። እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት እየከፈትኩ አየኋቸው። አንዳንዶቹ እንዴት ከዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ እንደተፈጠሩ ያስደንቃሉ። ሌሎቹ ጅምር ናቸው፤ በሁለት ደቂቃ ያልቃሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ምን እንደሚፈልጉብኝ ሳይገባኝ ሞትኩባቸው። ለሁሉም የከፈልኩት ዋጋ እኩል ነው፤ ምንም። ታዲያ በነጻ በተሰጠኝ ነገር ላይ ምን አፍ አለኝ? ይኼ ጥያቄ ሌሊቱን አብሮኝ አደረ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ልጁ ማስታወሻ ደብተር ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እባክዎ አስተያየት አይስጡኝ። ዝም ብለው ይጫወቱልኝ። እኔም ዝም ብዬ አያለሁ።»

«ሳልጠይቅህ?»

«ቢጠይቁኝም አልመልስም። ጨዋታውን በያዘው ሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ አብሬ አልሄድማ!»

ይኼንን እኔ ነበርኩ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው። ደራሲ ከመጽሐፉ ጋር ታትሞ አይሸጥም፤ አንባቢው አልጋ ላይ ተቀምጦ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» አይልም። እላቸው ነበር እንጂ አንድም ቀን ተማሪዬን ፊት ለፊት አስቀምጬ፣ ጽሑፉን ሌላ ሰው ሲያነብ ፊቱን እንዲያይ አድርጌ አላውቅም። ወገኛ!

ደብተሩ ላይ መጀመሪያ የጻፈው «ዘገየ» የሚል ነው። እኔ ቁልፉን የተጫንኩት ዋልያዋ ጠርዙ ላይ ሳለች ነው፤ እምላለሁ። መሣሪያዋ ደግሞ እግሯ ድንጋዩን ከለቀቀ በኋላ ነው የተጫንከው ትለኛለች። የልጁ ጨዋታ በአንድ ሰከንድ 60 ጊዜ ስክሪኑን እየደጋገመ ይሥላል። እኔ የዘገየሁት በሦስት ሥዕል ያህል ነበር፤ የሰከንድ አንድ ሃያኛ ማለት ነው። ለዚህ ጥፋት ሞት ይገባኛል?

ለካ ለዚህ ሠሪዎቹ ያገኙት መድኃኒት አለ። ዋልያዋ ጠርዙን ካለፈች በኋላም ለአምስት ስድስት ሥዕል ያህል መሬት ላይ እንዳለች ይቆጠርላታል፤ በዚያች ቅጽበት ቁልፉ ከተጫነ ትዘልላለች። ስሙን ያወጡለት ከካርቱን ፊልም ነው፤ ገደሉን አልፎ አየር ላይ ሲሮጥ ቆይቶ፣ ቁልቁል ሲያይ ብቻ ከሚወድቀው ከዚያ ምስኪን ቀበሮ። ሴለስት የሚባል ስለ ተራራ መውጣት የሚያወራ ጨዋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ሰዎች በአራት ቀን እንደ ቀልድ የሠሩት ነው፤ በ2018 ትልቅ ሆኖ ወጣና ዓለም አጨበጨበለት። በጣም ከባድ ጨዋታ ነው ይባላል። ሠሪዎቹ ግን እንዲህ ያለችውን ምሕረት በየቦታው እንደደበቁበት በግልጽ ተናግረዋል።

«ይኼማ ማታለል ነው» አልኩት ልጁን።

«አይደለም ጋሼ። የዘገየው ጣትዎ ነው እንጂ ሐሳብዎ አይደለም። እኔ የምቆጥረው ሐሳብዎን ነው።»

ዝም አልኩ። ስንት የፈተና ወረቀት አርሜያለሁ፤ ጣቱን እንጂ ሐሳቡን ያልቆጠርኩለት ተማሪ ስንት ይሆን?

ሁለተኛው ማስታወሻ «አላነበበም» ይላል። እውነቱን ነው። ጨዋታው ሲጀምር በአራት ገጽ የተከፋፈለ መመሪያ አለው፤ እኔ ቁልፉን ቶሎ ቶሎ ተጭኜ አሳለፍኩት። እንኳን በቴምብር ስክሪን፣ በጋዜጣ ገጽም መመሪያ ማንበብ አልወድም። ልጁ አልተቆጣም። የኒንቴንዶው ሽጌሩ ሚያሞቶ እና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡትን ሱፐር ማሪዮን በስልኩ ከፍቶ የመጀመሪያዋን ደቂቃ አሳየኝ። ማሪዮ በስክሪኑ ግራ ጫፍ ይቆማል፤ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሯል፤ በስተቀኙ ባዶ ሜዳ ነው። ወዴት እንደሚኬድ ማንም ሳይነግርህ ታውቃለህ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ክፉ የሚመስል ፍጡር እየተንፏቀቀ ይመጣል። ካልዘለልክ ትሞታለህ፤ ግን የሞትከው ገና መነሻው ላይ ስለሆነ ያጣኸው ጥቂት ሰከንድ ነው። ሁለተኛ ትዘልላለህ። ተማርክ። አንድ ቃል አልተጻፈም።

በማግስቱ አራቱ ገጽ መመሪያ የለም። በምትኩ ከገደሉ በፊት አንዲት ዝቅተኛ ድንጋይ ተቀምጣለች፤ ወድቀህም የማትሞትባት። ዋልያዋ ድንጋዩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ጣቴ ራሱ ቁልፉን ፈለገ። መመሪያው ሲወጣ የተረፈው ቦታ ደግሞ ለሌላ ጥቅም ዋለ። ይኼ ልጅ ጨዋታው ውስጥ ጅብም፣ ዝናብም፣ ሁለት ዓይነት ሙዚቃም አስገብቶ ነበር። ጅቡ ወጣ። ዝናቡ ወጣ። አንዱ ሙዚቃ ወጣ። ሲያወጣቸው ፊቱን አየሁት፤ ጥሩ አንቀጽ የሰረዘ ሰው ፊት ነው። 28 ኪሎባይት ጨካኝ አርታኢ ናት። ደግሞም የማታዳላ!

ሦስተኛውን ጉድለት ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያገኘሁትም በውርደት ነው። በሌሊት ባለቤቴ አጠገቤ ተኝታ ሳለ ድምፁን አጥፍቼ እጫወታለሁ። የሌሎቹ ጨዋታዎች ድምፅ አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው። የእሱ ጨዋታ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ጥሩምባውን ነፋ። ባለቤቴ ምን እንዳለችኝ እዚህ አይጻፍም። በዚያው ሌሊት ደግሞ በሌላ ጨዋታ ለሦስት ቀን ደክሜ ያስመዘገብኩት ውጤት ጠፍቶ አገኘሁት። ጠዋት ክስ አቀረብኩ።

ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ለካ አርዱቦይ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የማትረሳው 1,024 ባይት ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ 16 ለመሣሪያዋ ለራሷ የተጠበቁ ናቸው፤ ድምፅ ይብራ ወይስ ይጥፋ የሚለው እዚያ ይቀመጣል። የቀሩትን 1,008 ሁሉም ጨዋታዎች በጋራ ይጠቀሙባቸዋል። ጠባቂ የለም፤ አጥር የለም። ልጁ ውጤቱን የሚጽፈው እዚያ ሌላ ሰው ጽፎ እንደሆነ ሳያይ ነበር። የድምፁንም ምርጫ ሳያነብ ነው የነፋው።

ኪራይ ቤት የኖረ ሰው ይኼን ያውቀዋል። ግቢ ውስጥ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፤ የሁሉም ነው። ባለጌ ተከራይ የሰውን ልብስ ገፍቶ ጭቃ ላይ ጥሎ የራሱን ያሰጣል። ጨዋው ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ልጁ የዚያን ቀን ያስተካከለው ይኼንኑ ነው፤ ከመጻፉ በፊት ቦታው የእሱ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ምልክት አኖረ፤ ድምፁንም ከመንፋቱ በፊት እንዲጠይቅ አደረገ። ጥራት ስንል ሥዕል ማማር፣ ሙዚቃ መጣፈጥ ይመስለናል። ግማሹ ጥራት ግን ጨዋነት ነው። የሰው እንቅልፍ፣ የሰው ድካም፣ የሰው ገመድ መኖሩን ማወቅ።

እዚህ ላይ «ታዲያ ይኼ ሁሉ የሠሪው ሥራ ነው፤ የቀማሹ ድርሻ ምንድን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የድሮ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤም.አይ.ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስቲቭ ራስል እና ጓደኞቹ ስፔስዋር የሚባል ጨዋታ ሠሩ። ሁለት መርከቦች ሕዋ ላይ ይታኮሳሉ። ኩባንያ የለም፤ ዋጋ የለም፤ ፕሮግራሙ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። በስተጀርባ የሚታዩት ከዋክብት እንዲያው በዘፈቀደ የተበተኑ ነጥቦች ነበሩ። ፒተር ሳምሰን የተባለው ይኼ አላስደሰተውም፤ ትክክለኛውን የሌሊት ሰማይ ካርታ ይዞ መጣና ከዋክብቱን በየቦታቸው አስቀመጣቸው። ዳን ኤድዋርድስ ጨዋታው ክብደት እንደጎደለው ተሰማው፤ መሐል ላይ መርከቦቹን የምትስብ ፀሐይ አስገባ። ተጫዋቾቹ የኮምፒዩተሩን ማብሪያ ማጥፊያ ሲነካኩ ክርናቸውን ስላመማቸው ሌሎች ሁለት ጓደኞች፣ አላን ኮቶክና ቦብ ሳንደርስ፣ በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ሳጥን ሠሩ። ማንም «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብሎ አልሄደም። ሁሉም የጎደለውን አይቶ የሚያውቀውን ጨመረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኼ ነው።

እኔስ ምን አለኝ? ኮምፒዩተር አላውቅም። ግን ፊደል አውቃለሁ። የጨዋታው ርእስ በአማርኛ «ዋልያ» ተብሎ ተጽፏል። መሣሪያዋ ያላት የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም በ5 በ7 ነጥብ ውስጥ ያድራል። የእኛ ፊደል በዚያ ልክ እግሩን መዘርጋት ስለማይችል ልጁ ሦስቱንም በእጁ፣ ነጥብ በነጥብ ሥሏቸዋል። ድካሙ ይታየኛል። ግን የመጨረሻዋ ፊደል ከታች አንዲት ነጥብ ጎድላባት «ያ» መሆኗ ቀርቶ «የ» መስላለች። «ዋልየ» ይላል ስሙ! ነገርኩት። አጉልቶ አየና በግንባሩ ላይ እጁን ጫነ። ስንት ወር ሲያያት ኖሮ አላያትም። ጨመራት። በዚህ ጨዋታ ውስጥ የእኔ መዋጮ አንዲት ነጥብ ናት። ከ8,192ቱ አንዷ።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ከመጀመሪያው ገደል አለፍኩ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከገደሉ ማዶ ምን ነበር መሰላችሁ? ጉም። በነጭና በጥቁር ነጥብ ብቻ የተሠራ፣ ቀስ እያለ የሚንሳፈፍ ጉም፤ ከጉሙ ውስጥ ጫፉ ብቻ የሚታይ ተራራ፤ ጠርዙ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ። ዋልያዋ ስትጠጋው ዘወር ብሎ ያይና ተመልሶ ወደ ጉሙ ይዞራል። በቃ፣ ሌላ ምንም አያደርግም። ልጁ ስሜንን ያየው አንድ ጊዜ፣ በልጅነቱ፣ ከአባቱ ጋር ነው። አባቱ ዛሬ የለም። ጭላዳው እዚያ ለምን እንደተቀመጠ አልጠየቅኩም፤ እሱም አልነገረኝም።

ይኼ ሁሉ እዚያ ነበር። የመጀመሪያ ቀን «ግሩም ነው» ስለው እዚያ ነበር። ማንም ሊያልፈው ከማይችል ገደል በስተጀርባ ተቀምጦ ሰው ይጠብቅ ነበር።

አሁን ስለ ዕዳዬ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ተማሪዬ በእጅ የተጻፈ ልብ ወለድ አመጣልኝ፤ ሦስት መቶ ገጽ ይሆናል። አሥራ አምስት ገጽ አነበብኩና አቃተኝ። ሁለት ወር ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። መጥቶ ሲጠይቀኝ እውነቱን መናገር ከበደኝ። ለእሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ማንበብ ነበረብኛ! «ጥሩ ነው፤ በርታ» አልኩት። ልጁ አመነኝና በረታ። ተበድሮ አሳተመው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአንዲት ሱቅ ቆሎ ገዝቼ እየቃምኩ ስሄድ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ የማውቀው ስም አየሁ፤ የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ስም። ቆሎውን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ገጽ 41 ነው። ያን ገጽ የዚያን ቀን አነበብኩት፤ መንገድ ዳር ቆሜ።

ጥሩ ገጽ ነበር። ማስመሰል አይደለም፤ ጥሩ ገጽ ነበር። አንብቤው ቢሆን ኖሮ «ከዚህ ጀምር፤ የፊተኛውን አርባ ገጽ ጣለው» እለው ነበር። ሥራዬም ይኸው ነበር። ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚህ ነበር። እኔ ግን ጣሳዬን ግማሽ ትቼ፣ መርቄ ወጣሁ። ጣሳውን የሚያይለት እናት አልነበረውም።

ስለዚህ ያ ሌሊት ያሳደረኝን ጥያቄ አሁን እመልሳለሁ። በነጻ የተሰጠን ነገር ላይ አፍ አለን ወይ? አለን። እንዲያውም የምንከፍለው ዋጋ እሱ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጥ ዕቃ ካልወደድነው አንገዛውም፤ ነጋዴው ከኪሱ ጉድለት ያውቃል። በነጻ የሚሰጥ ሰው ግን ገበያ የለውም። ያለው የእኛ እውነት ብቻ ነው። እሱን ከነፈግነው ደግሞ በጭለማ ነው የሚጠምቀው። እርግጥ እውነት ሲባል ስድብ የሚመስላቸውም አሉ። ሳይቀምሱ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያሉ የሚያልፉ ማለቴ ነው። ሳይቀምሱ ማናናቅና ሳይቀምሱ ማመስገን ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ጣሳውን አላነሱትም።

ልጁ ሄደ። ከአንድ ወር በኋላ የተስተካከለውን ጨዋታ በኢሜይል ላከልኝ፤ አንድ የጎረቤት ወጣት በኮምፒዩተር ጫነልኝ። ሲጨርስ የሠሪዎቹ ስም ይመጣል ይባላል፤ እዚያ ገና አልደረስኩም። የጎረቤቱ ልጅ ግን ደርሷል። ከልጁ ስም በታች «ቀማሽ፦ ጋሼ» ይላል አለኝ።

እኔ ያለሁት ሦስተኛው ገደል ላይ ነው። ሃያ ጊዜ ወደቅኩ። በሙሉ ሥልጣን፣ እንደ ባለማዕረግ ቀማሽ ጻፍኩለት፤ ሦስተኛው ገደል ከልክ በላይ ሰፍቷል፣ ቁልፉም ይዘገያል፣ በአስቸኳይ ይታይ። መልሱ በማግስቱ መጣ።

«ጋሼ፣ ሦስተኛውን ገደል ስምንት ሰው ሲጫወተው አይቻለሁ፤ ሁሉም በአምስት በስድስት ሙከራ አልፈውታል። እዚያስ የሚወድቁት እርስዎ ስለሚቸኩሉ ነው። ድንጋዩ እስኪቆም ይጠብቁ።»

እንግዲህ በርታ ብሎኛል ማለት ነው፤ አንብቦ።